የዶን ኒካኖር የአመድ መስመር

ዶን ኒካኖር ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ፀጉር ያስተካክላል። እሁድ ግን በሰፈራችን የቤዝቦል ሜዳ ሦስተኛው ማረፊያ አጠገብ ይቆማል፤ እዚያ የደረሰውን ሯጭ ነጥብ ወደሚቆጠርበት የመጨረሻ ማረፊያ፣ ወደ "ቤት"፣ የሚሰደው እሱ ነው። እኔ ከጀርባው ሙዝ እየጠበስኩ ስለምሸጥ ምክሩንም ስድቡንም ከማንም በፊት እሰማለሁ።

ከማረፊያው ወደ ቤት ስለሚወስደው ነጭ መስመር የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው። "ስትወጣ ከመስመሩ ውጭ፣ ስትመለስ በመስመሩ ላይ! ውጭ ቆመህ የተመታ ኳስ ቢያገኝህ ኳሱ ይሞታል። ውስጥ ቆመህ ቢያገኝህ የምትሞተው አንተ ነህ!" የሞተ ኳስ አይቆጠርም፤ የሞተ ሯጭ ግን ከጨዋታ ይወጣል።

የቡድናችን ጎረምሶች ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሉት፣ ከስኳር ፋብሪካው ምድጃ አመድ እያመጣ ከነጩ መስመር በስተውጭ የራሱን ማስመር ጀመረ፤ ሯጩ በዚያ ላይ እንዲራመድ። ተጋጣሚዎቻችን የሎስ ሂጎስ ሰዎች "ሽማግሌው የመቃብሩን ልክ እየወሰደ ነው" እያሉ ሳቁብን። እኔስ ቆሽቴ አረረ።

ዘንድሮ ሽንፈት ሲደጋገምብን፣ ዶሚኖ እየተጫወተ የቡድኑን ነገር ሁሉ የሚወስነው ዶን ቴኦፊሎ "ሎስ ሂጎስ ካሸነፉን ኒካኖር ይበቃዋል፣ ወጣት እናቆማለን" አለ።  በዚያ ሳምንት የኒካኖር ፀጉር ቤት ራዲዮ ሳይከፈት ሰነበተ።

እሁድ ደረሰ። እኩል ለእኩል ነን፣ የመጨረሻው ዙር ነው፣ ሁለት ሰው ወጥቶብናል፤ ሦስተኛ ከወጣ ተራችን አለቀ። ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ያለው ደግሞ ወፍራሙ ዳቦ ጋጋሪ ኤውሴቢዮ!

"አመዱ ላይ ውጣ!" አለ ኒካኖር።

"ውስጥ ብሆን ወደ ቤት ይቀርበኛል እኮ፣ ዶን ኒካኖር!"

"መቃብርም ይቀርብሃል! ውጣ ብዬሃለሁ!"

"ጫማዬ አዲስ ነው!"

አላስቻለኝም። "አንተ ሊጥ! ሰውየውን ካልሰማኸው ከዛሬ ጀምሮ ሙዜን አትቀምሳትም!" ብዬ ጮህኩ። ያን ጊዜ ነው እያጉረመረመ አመዱ ላይ የወጣው።

ኳሱ ተወረወረ፣ የእኛው ልጅ መታው፣ መጥቶም የኤውሴቢዮን ቂጥ ጧ! አደረገው። የሎስ ሂጎስ ሰዎች "ሞተ! ሞተ!" እያሉ ሜዳውን ሞሉት። 

ዳኛው መጣና ጎንበስ ብሎ አየ። ሁለቱም አዲስ ጫማዎች አመድ ለብሰዋል።

"ኳሱ ሞቷል! ሯጩ ይመለስ!"

"ስትመለስስ?" አለው ኒካኖር።

"በመስመሩ ላይ፣ አባቴ፣ በመስመሩ ላይ!" አለ ኤውሴቢዮ ቂጡን እያሸ።

የሚቀጥለው ኳስ ሲወረወር ኤውሴቢዮ በአመዱ ላይ ቀስ እያለ ወጣ። ኳሱ ከሎስ ሂጎስ ኳስ ያዥ እጅ አምልጦ ወደ ኋላ ተንከባለለ። "ሂድ! ሂድ!" ኒካኖር ራሱን ረስቶ አብሮት ሮጠ። ኤውሴቢዮ በሆዱ ተንሸራቶ ቤት ገባ፤ አሸነፍን! አቧራው እስኪሰክን እንኳ አልጠበቅንም። ማንን እንዳቀፍኩ አላውቅም፣ ሙዙ ግን ሁሉም አርሯል። እንደ ልማዱ የተሸነፉት ፍየል አርደው አበሉን፤ ኤውሴቢዮ ቆሞ በላ።

በሚቀጥለው እሁድ ኒካኖር የአመድ ጆንያውን ተሸክሞ ሲመጣ መስመሩ ተሰምሮ ጠበቀው። ዶን ቴኦፊሎ እስከ ክርኑ አመድ ሆኖ አጠገቡ ቆሟል።

ኒካኖር መስመሩን ከዳር እስከ ዳር አየው። "ጠማማ ነው" አለ።

"አውቃለሁ" አለ ቴኦፊሎ። "አስተምረኝ።"