ቆርቆሮ ሥር የከረመ ወይን

ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ርካሽ ቀይ ወይን የሚጠጣ ሰው ሁሉ የሀብትነሽን መዳፍ ያውቃል። ጠርሙስ ስትከፍት እንደ ድሮ የድግስ አሳላፊ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትቆያለች፤ ከዚያ ወይ ትቀዳለች፣ ወይ ትደፋለች። ከሃያ ዓመት በፊት ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ መጥታ እዚሁ ግሮሰሪ የከፈተች ሴት ናት። «ወይን ማን አስተማረሽ?» ለሚላት መልሷ አጭር ነው፦ «ምላስ ትምህርት ቤት አይገባም።» ቆንጠጥ አድርጎ የሚለቅ፣ ጉሮሮ የማይፍቅ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም ለእሷ ወይን ነው።

የዓመቱ ትልቅ ደንበኛዋ አቶ ባየልኝ ናቸው። የጎንደር ሰው ሲሆኑ ኮኪት ላይ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ አላቸው። አዝመራው ሲገባ ነጋዴውንም፣ መምህሩንም፣ የጤና ጣቢያውንም ሰው እሷ ግሮሰሪ ሰብስበው ይጋብዛሉ። ያ ግብዣ ቢቀር የቤት ኪራዩን ከየት እንደምታመጣ እግዜር ይወቅ።

ዘንድሮ ታዲያ ሦስት ካርቶን ወይን አስጭነው መጡ።

«አምና የገዛሁት ነው» አሉ፣ እንግዶቹ እየሰሙ። «ሆን ብዬ መጋዘን አስቀመጥሁት። ወይን ሲቆይ ነው የሚጥም!»

መጋዘኑን ሀብትነሽ ታውቀዋለች። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ፤ በሚያዝያ ሐሩር ሰሊጡ ምጣድ ሳያይ የሚቆላበት ቤት ነው። አንዱን ጠርሙስ ከፍታ ቀመሰች። ተቀቅሏል፤ ኮምጥጧል። ይህን በገዛ እጇ ለሰው ልትቀዳ!

«ይሄ ለማቆየት የተሠራ ወይን አይደለም፣ አቶ ባየልኝ። በዓመቱ ተጠጥቶ ማለቅ ነበረበት። ሐሩር ገድሎታል፤ አልቀዳውም።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ነው የወይን ዳኛ የሆንሽ? ቅጂ ብያለሁ! አለዚያ እንግዶቼን ይዤ ሌላ ቤት እሄዳለሁ።»

ሀብትነሽ ኪራዩ ትዝ ብሏት ፈራች። ግን ነገ እነዚሁ ሰዎች «ሀብትነሽ ኮምጣጤ አጠጣችን» ሲሉ ታያት፤ ያ ደግሞ ከኪራይ ይብሳል።

«ይሂዱ» አለች። «ቤቱ የኪራይ ነው፤ ምላሴ ግን የራሴ ናት። ከመሄድዎ በፊት ግን እርስዎ ይቅመሱት።»

ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላችላቸው። አቶ ባየልኝ እልኸኛ ናቸው፤ ባንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ጉንጫቸው ተንቀጠቀጠ።

«ይጣፍጣል!» አሉ በሻከረ ድምፅ።

የሳቀ የለም። ሁሉም ሀብትነሽን አየ። እሷም ጠርሙሱን እንደያዘች ጠጋ አለች።

«አንድ ያጣላል ይባላል፣ ጋሼ። ይድገሙ እንጂ!»

አቶ ባየልኝ እንግዶቹን አዩ፣ እሷን አዩ። ከዚያ የብርጭቆውን አፍ በእጃቸው ከደኑ።