ጭንቅ ወይስ ጨነቅ

ደባርቅ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ያስተማረኝ ሰው የለም። ፊደሉን ሌሎች ልጆች ሲቆጥሩ ከአጥር ውጭ ቆሜ ለቀምኩት፤ ሕጉን ጠበቆች ሲከራከሩ እየሰማሁ ያዝኩት። ዛሬ ዲግሪ የጫኑት ልጆች ሳይቀሩ «አባባ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» እያሉ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ስለዚህ የልጅ ልጄ ከክለቧ ጋር ስትጣላ ሰው ሁሉ «ምን ቸገራት፣ አያቷ አሉላት» አለ። እኔም እንደዚያው ነበር ያልኩት።

ልጅቱ ሯጭ ናት። ለአንድ ክለብ ፈርማ ውሏ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። በጥር አንድ ጠዋት ልብሷን በፌስታል አንጠልጥላ ከክለቡ ካምፕ ቤቴ መጣች። «እረፍት ሰጡን» አለች። እረፍት የሚያርፍ ሰው ግን እንዲያ አይሆንም። መሮጡ ቀርቶ ከበር አትወጣም። እህል ሸሸች። በር ሲንኳኳ ደረቷን በሁለት እጇ ትይዛለች። ሐሙስ ሐሙስ ብቻ «ጓደኛዬን ልጠይቅ» ብላ በሚኒባስ ዳባት ደርሳ ትመለሳለች። ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ ያየሁትን በስሙ መጥራት ግን ፈራሁ። እኛ ዘንድ እግሩ ለተሰበረ ወጌሻ ይጠራል፤ ውስጡ ለታመመ ግን ጎረቤት ስም ያወጣለታል።

ከዚያ የክለቡ ደብዳቤ መጣ። «ያለ ፈቃድ ከካምፕ ወጥተሻል። ለአሰልጣኝሽ በላክሽው መልእክት እንዳመንሽውም ጨነቅ ሄደሽ ከክለቡ ውጭ ልምምድ በመሥራት ላይ ነሽ። በቂ መልስ ካልሰጠሽ ውልሽ ይቋረጣል፤ መልቀቂያም አይሰጥሽም» ይላል። መልቀቂያ ከሌላት የውሉ ዘመን እስኪያልቅ ሌላ ክለብ አይወስዳትም። ሁለት ዓመት መቆም ለሯጭ እግር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጨነቅ ከደባርቅ በላይ፣ ፓርኩ ውስጥ ቱሪስት ድንኳን ተክሎ የሚያድርበት ቦታ ነው። «ጨነቅ?» ብዬ ሳቅሁ። «ይቺ ልጅ ከደጄ መቼ ወጥታ!» ክለቡ በሐሰት መክሰሱ ነው ብዬ፣ እሷን ምንም ሳልጠይቅ ወረቀት አነሳሁ። «አመልካች ጨነቅ የሚባለውን ቦታ ረግጣ አታውቅም። ከመጣችበት ቀን ጀምሮ በአያቷ ቤት በሙሉ ጤንነት ላይ ትገኛለች» ብዬ ጻፍኩ። «በሙሉ ጤንነት» የምትለዋን ጎረቤትም ቢያያት ብዬ ነው የጨመርኳት። ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችና ፈረመች። ጥሩ ማመልከቻ ነበር።

መልሱ አጭር ነበር። ጤነኛ ከሆነች ከካምፕ ለምን እንደወጣች ጎንደር ቀርባ የአትሌቶችንና የክለቦችን ጉዳይ ለሚያየው ኮሚቴ ታስረዳ።

ልጅቱ ደብዳቤውን አንብባ ሳቀች፤ ሳቋ አስደነገጠኝ።

«አባባ፣ እኔ ጨነቅ አላልኩም።»

«ታዲያ ከየት አመጡት?»

ስልኳን አሳየችኝ። መልእክቱን በእንግሊዝ ፊደል ነው የጻፈችው። «‹ጭንቅ ላይ ነኝ› ነው ያልኩት። አሰልጣኙ ‹ጨነቅ ላይ ነኝ› ብሎ አነበበው።»

«የራሳችን ፊደል ምን ጎደለው?»

«ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጻጻፈው፣ አባባ።»

ከዚያ የሐሙሱን ነገር ነገረችኝ። ጓደኛ የላትም፤ የምትሄደው ጤና ጣቢያ ነው። ደባርቅ ሰው ያውቀኛል ብላ ዳባት መረጠች። ነርሷ የጭንቀት ሕመም ነው ብላ መድኃኒት አስጀምራታለች፤ ወረቀትም ሰጥታታለች።

«ወረቀቱ ካለሽ አለቀ!» አልኩ።

«እርስዎ እኮ ሙሉ ጤነኛ ናት ብለዋል።»

«አንቺስ ፈርመሽ የለም?»

«እርስዎ ከጻፉ በኋላ ማን ይከራከርዎታል?»

ቀጠሮው እስኪደርስ እኔም እህል አልቀመስ አለኝ። እውነቱን ብንጽፍ ወረቀቱ ከክለቡ ፋይል አይወጣም፤ ነገ ሌላ ክለብ ሊያስፈርማት ሲል አንዱ ጆሮው ላይ ሹክ ይለዋል። ባንጽፍ ዛሬውኑ አለቀላት። በየትኛው በኩል ብዞር ገደል ነው።

«ጉልበቷን አሟት ነው ብንልስ?» አልኳት።

«ጉልበቴን በራጅ ያዩታል። እውነቱን ይጻፉት፣ አባባ። አለዚያ ራሴ እጽፈዋለሁ፤ ያውም በእንግሊዝ ፊደል።»

ጻፍኩት። ቃል በቃል እየነገረችኝ ጻፍኩት።

ጎንደር ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። ሰብሳቢዋ ሁለቱን ማመልከቻ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። «ይኸኛው ጤነኛ ናት ይላል፣ ይኸኛው ታማለች ይላል። የቱ ነው ውሸቱ?»

የክለቡ ተወካይ ቀደመ። «በጨነቁ ስትያዝ በሽታ አመጣች፤ ሌላ ምን አለው?»

ልጅቱ ወንበሩን ጨብጣ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣላትም። «በሙሉ ጤንነት» የጽሑፍ ወግ ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ አንደበት አላጣም። ግን ውሸቱ ባለቤት ካልተገኘለት እሷ ላይ ሊቀር ነው።

«የመጀመሪያው ነው» አልኩ። «ሳልጠይቃት የጻፍኩት እኔ ነኝ። አፍሬ ነው የጻፍኩት።»

«እርስዎ ምኗ ነዎት፣ አባቴ?»

«አያቷ ነኝ። ማመልከቻ ጸሐፊም ነኝ።»

ሰብሳቢዋ የልጅቱን ስልክ ተቀብላ መልእክቱን ድምፅ አውጥታ አነበበችው፤ አንዴ ጨነቅ ብላ፣ አንዴ ጭንቅ ብላ። ከዚያ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «እንግዲያው ቃሉን ይሰርዙና አጠገቡ ይፈርሙ።»

ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። «በሙሉ ጤንነት» በምትለው ላይ መስመር ሰደድኩባት። መስመሩ ጠመመ።

ከምሳ በኋላ ውሳኔውን ሰማን። ውሉ አይቋረጥም፤ የቀረችበት ጊዜ በሕመም ፈቃድ ይያዛል፤ ነገር ግን የክለቡ ሐኪም በየወሩ ያያታል፣ የጻፈውም ከፋይሏ ጋር ይቀመጣል። ፋይል የምትለዋ ቃል እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለች።

ደረጃውን ስንወርድ «አሁን እንግዲህ ሁሉም ያውቃል» አለች።

«ያውቃል» አልኩ።

«መስመሩ ሲጠምምብዎት አየሁ።»

«ብርዱ ነው።»

«ከደባርቅ ብርድ መጥተው ጎንደር በረደኝ ይላሉ?» አለችና ክንዴን ያዘች።