በሙሉ ድምፅ የጸደቀው የፍራሽ መጽሐፍ

እትዬን ከማወቄ በፊት የሕፃናት መጽሐፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለኝ ነበር፤ ጥንቸል፣ ፀሐይ፣ ቀይ ኳስ፣ በቃ። ሥራዬ ጸሐፊነት ነው። መሥሪያ ቤታችን በየዓመቱ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆኑ የሥዕል መጻሕፍት እየመረጠ ዝርዝሩን ለመዋዕለ ሕፃናት ይልካል። እኔ የመራጩን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ዝርዝሩንም እተይባለሁ። ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ከአምስቱ አባላት መካከል ልጆች ፊት ቆመው የሚያውቁት እትዬ ብቻ ነበሩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ።

መጽሐፍ ሲሰጣቸው መጀመሪያ ያሸቱታል። ቀለሙ እጅ ላይ የሚለቅ ከሆነ እዚያው አበቃለት፤ "ልጅ እኮ መጽሐፍ ይልሳል" ይላሉ። ቀጥሎ ጽሑፉን ትተው ሥዕሉን ብቻ ከዳር እስከ ዳር ይገልጣሉ። አራት እግር ያላት ዶሮ አይተዋል። ጽሑፉ "ቀይ ኮፍያ" እያለ አረንጓዴ ኮፍያ የደፋ አንበሳ አይተዋል። ከሁሉ የሚያንገሸግሻቸው ግን በየገጹ መጨረሻ "ስለዚህ ልጆች" የሚል መጽሐፍ ነው። እንዲህ ያለውን፣ ከቱቦ ውስጥ የወጣ ነገር ይመስል፣ በሁለት ጣታቸው ጫፍ ይዘው ጠረጴዛው ዳር ያስቀምጡና "ይቅርብኝ!" ይላሉ። ከኋላቸው "እትዬ ይቅርብኝ" የምንላቸው ለዚሁ ነው።

የተጠራጠሩትን መጽሐፍ ማክሰኞ ማክሰኞ ድሮ ያስተምሩበት ወደነበረው መዋዕለ ሕፃናት ይዘውት ይሄዳሉ። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ስለ ጥርስ መፋቅ የሚናገር አንድ የሚያብረቀርቅ መጽሐፍ ማንበብ ጀመሩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዷ የጫማዋን ማሰሪያ ታኝካለች፤ ሌላው ምንጣፉን ይነጫል። እትዬ ግማሹ ላይ ሳይደርሱ መጽሐፉን ጥርቅም አድርገው ዘጉና "ጨረስን?" ሲሉ ልጆቹ በደስታ "አዎ!" ብለው ጮኹ። ቀጥለው ካልሲዋ ስለጠፋባት ዳክዬ የሚተርክ ስስ መጽሐፍ አወጡ፤ ጽሑፉ ሃያ ቃል አይሞላም። ልጆቹ አራት ጊዜ አስነበቧቸው።

"ምርጫ ማለት ይኼ ነው፣ ልጄ" አሉኝ ስንወጣ። "የቀረው የእኛ ወሬ ነው።"

ታዲያ አንድ ጠዋት ሰብሳቢያችን የሚስቱ ወንድም የጻፈውን መጽሐፍ ታቅፎ ገባ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ አንድ ልጅ ፍራሹ ላይ ይሸናል። እናቱ ፍራሹን ደጅ ታሰጣዋለች። ጎረቤት አፍንጫውን ይይዛል፣ የሰፈር ልጆች ከበው ይዘፍኑበታል፣ ድመቷ እንኳ ሳትቀር ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። መጨረሻው ገጽ ላይ ልጁ በኀፍረት ብዛት መሽናቱን ይተውና ሁሉም ያጨበጭቡለታል። ሥዕሉ ደግሞ ያማረ! የባሰው እሱ ነው። የልጁ ጆሮ እንዴት በኀፍረት እንደቀላ ሳይቀር ተጠንቅቀው ስለውታል።

አባላቱ ሳቁ። ደረጃ ላይ "የማይረባ ነገር" ሲሉት የሰማኋቸው ሁለቱ፣ ስብሰባው ላይ "ትምህርት ሰጪ ነው" አሉ። ውሻ በበላበት ይጮሃል። እትዬ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ያቺን የለመድናትን "ይቅርብኝ!" እንኳ አላሉም።

"እርስዎ ልጅ ሆነው ፍራሽ ላይ ሸንተው አያውቁም?" አሉት ሰብሳቢውን።

"እትዬ፣ ልጅ ካላፈረ አይማርም።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት እርጥብ ሱሪ ቀይሬያለሁ። አፍሮ መሽናቱን የተወ ልጅ አላየሁም። ያፈረ ልጅ የሚተወው ውሃ መጠጣት ነው። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረችኝ። ቤት ስለሳቁባት ቀኑን ሙሉ ጠብታ ውሃ አልቀምስ አለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ራሷን ስታ ክፍል ውስጥ ወደቀችብኝ። ይኼን ለልጅ አንብቡ ብዬ አልፈርምም።"

አራት ለአንድ ሆነ። "እንግዲያው ልዩነቴ ይያዝልኝ" አሉ እትዬ። ቃለ ጉባኤው ላይ በእጄ ጻፍኩት፤ አምስቱም ፈረሙበት።

በማግስቱ ሰብሳቢው ጠራኝ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "ያቺን የልዩነት ነገር አውጪያትና 'በሙሉ ድምፅ' በዪ" አለኝ። በዚያ እንኳ ቢበቃው! አስተማሪዎች የእትዬን ስም እንደሚያምኑ ያውቃል። ከዝርዝሩ ሥር፣ ስለዚያ ስለ ፍራሹ መጽሐፍ፣ "ዘንድሮ ከመረጥናቸው ሁሉ አብልጬ የወደድኩት" የሚል ቃል ጨምሬ በስማቸው እንዳስገባ አዘዘኝ። ተየብኩት። "የታዘዝኩትን ነው፣ እኔ ምን አገባኝ" አልኩ ለራሴ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እትዬ አራት ፎቅ እያለከለኩ ወጥተው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። መጽሐፉን እጃቸው እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለውታል። ያን ጠዋት ድሮ ያስተምሩበት የነበረው መዋዕለ ሕፃናት ሲደርሱ፣ ራሳቸው ያሠለጠኗት አስተማሪ እሱኑ ስታነብ አገኟት። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ዞረዋል። ልጁ ጥግ ላይ፣ ሁለት እጁን ጭኖቹ መሀል ሸጉጦ፣ ግድግዳውን ያያል። አስተማሪዋ ደንግጣ፣ "እትዬ፣ እርስዎ ወደድኩት ስላሉ እኮ ነው" አለቻቸው።

"ማነው በስሜ የጻፈው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ።"

ሊተፉብኝ ነው ብዬ ነበር። አልፈውኝ ሰብሳቢው ቢሮ ገቡ፤ በሩን ስላልዘጉት ሁሉንም ሰማሁ።

"አንተ!" አሉት። ከዚያ በፊት ከ"እርስዎ" ዝቅ ብለውለት አያውቁም። "ሕፃን በስሜ ታዋርዳለህ?"

"ይረጋጉ እንጂ እትዬ፤ የጸሐፊዋ ስህተት ነው። አንዳንዴ ትዘባርቃለች።"

ያኔ ተነሣሁ። ድፍረት እንዳይመስላችሁ፤ ከእሱ ጋር አንድ አየር መተንፈሱ አቅለሽልሾኝ ነው። አምስቱም የፈረሙበትን የእጅ ጽሑፍ ከመሳቢያዬ አወጣሁና ዓይኑ እያየ ለእትዬ ሰጠኋቸው። አላመሰገኑኝም። ለምን ያመሰግኑኛል?

ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አስነሥተው፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ ዝርዝሩ የደረሳቸውን አርባ ሦስቱንም መዋዕለ ሕፃናት በሁለት ወር አዳረሱ። "ይኼ ቃል የኔ አይደለም፤ የኔ ይኸውና" ይላሉ። አሥራ ዘጠኙ መጽሐፉን ከመደርደሪያቸው አወጡት። ሌሎቹ "ከበላይ የመጣ ነው" ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። አንዷ ርዕሰ መምህርትማ፣ "ሽፋኑ ያምራል፤ እንግዳ ሲመጣ መደርደሪያውን ያደምቅልናል" አለቻቸው። እትዬ ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው የተበላሸ ወተት እንደቀመሰ ሰው ተጨማደደ።

ሰብሳቢው ዕድገት አገኘ። መጽሐፉ ለሁለተኛ ጊዜ ታተመ። ለእትዬ "ለአገልግሎትዎ እናመሰግናለን" የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ከኮሚቴው ወጥተዋል ማለት ነው። እኔ ምድር ቤት፣ የአይጥ ሽታ ወደማይለቀው መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። ስለ እውነት፣ ከላይኛው ፎቅ ይሻላል።

አሁን እትዬ የራሳቸውን ዝርዝር ያዘጋጃሉ። አንድ ገጽ፣ አሥራ ሁለት መጽሐፍ፤ ከእያንዳንዱ ጎን የትኛው ገጽ ላይ ልጆች እንደሳቁ ወይም ዝም እንዳሉ። አስተማሪዎች እየመጡ ይወስዱታል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እንድተይብላቸው እኔ ጋ ያመጡታል። ስጨርስ መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ቃል በጣታቸው እየተከተሉ ሦስት ጊዜ ያነባሉ።

"አላምንሽም እኮ" አሉኝ ባለፈው።

"አውቃለሁ፣ እትዬ።"

"ሰባተኛው መስመር ላይ ነጥብ ዘለሻል" አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ።