ጅቡቲ የቀረው ሾፌር

ኢፍቱ ተወልዳ ያደገችው አቃቂ ነው። ኮሌጅ ጨርሳ ቃሊቲ በሚገኝ አንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ስትቀጠር፣ የትኛው መኪና የት እንዳለ የሚያሳይ ድረ ገጽ ሠራች። የከተማው ባቡር ቃሊቲ መመላለስ የጀመረበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት መኪና የሚፈለገው በስልክ እየተጮኸ ነበር። አሁን የስምሪት ኃላፊዋ እትዬ ጠጄ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ይጽፋሉ፣ «ግቢ ገብቷል» የሚለውን ይጫናሉ፤ ወዲያው «ተስተካክሏል!» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ ይላል። ኢፍቱ ያን አረንጓዴ ባየች ቁጥር የበኩር ልጇ ቆሞ የሄደላት ያህል ደስ ይላት ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ያደታ የሚባል የተሳቢ ሾፌር በሩን በርግዶ ገባ።

«ለሰው ሁሉ ጭነት ሲደርሰው እኔን የሚጠራኝ ጠፋ። ለመሆኑ የት ነው ያለሁት?»

እትዬ ጠጄ መነጽራቸውን አጥልቀው ኮምፒውተሩን አዩ። «ጅቡቲ።»

«እትዬ ጠጄ፣ ያዩኛል አይደል?»

«አይሃለሁ። ይሄ ግን ጅቡቲ ነህ ይላል።»

«ትናንት ሚስቴ ቀጣዩን ጉዞዬን ልትጠይቅ ደውላ ‹ጅቡቲ ነው› ተባለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሽሮ እየበላሁ! ‹ታዲያ ይሄ ማነው?› ብላ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።»

ቢሮው በሳቅ አውካካ። ኢፍቱ ግን አልሳቀችም። እትዬ ጠጄ ዐይኗ እያየ ሰሌዳውን ጽፈው ተጫኑ። «ተስተካክሏል!» ዝርዝሩን ከፈቱ፤ ያደታ ጅቡቲ ነው። ደገሙት። «ተስተካክሏል!» ጅቡቲ።

«ኮምፒውተርም አድርባይ ይሆናል እንዴ?» አሉ እትዬ ጠጄ።

ኢፍቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ኮዱን ከፍታ ስትመረምር ነገሩ ተገለጠላት። ያደታ ጅቡቲ ሳለ መኪናውን የመዘገበችው ራሷ ነበረች፤ በሰሌዳው ቁጥር መሃል ሳታውቅ ክፍተት ጥላበታለች። እትዬ ጠጄ ደግሞ አያይዘው ነው የሚጽፉት። የመኪኖቹ መዝገብ የተከማቸበት ዳታቤዝ በዚያ ሰሌዳ ቢፈልግ አንድም መኪና አላገኘም፤ ስለዚህ ምንም አልለወጠም። ይህ ለእሱ ስህተት አይደለም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል። ድረ ገጹን የሠራችበት ፍሬምወርክ የሚባለው ዝግጁ የኮድ መሣሪያ ከመዝገቡ ስንት መስመር እንደተለወጠ ቁጥሩን ይመልስላት ነበር። ዜሮ ብሎ ሲመልስላት እሷ ዞር ብላም አላየችው።

ክፍተቱን አጥፍታ ያደታን «ግቢ» አስገባችው። ዜሮ ሲመጣ «ምንም አልተለወጠም!» የሚል ቀይ ጽሑፍ እንዲወጣ አደረገች።

«ጋሽ ያደታ፣ በቃ ገብተዋል» አለችው።

«እንኳን ደህና መጣህ» አሉት እትዬ ጠጄ፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ጠጄ ጮኹ። «ኢፍቱ! ነይ፣ ደግሞ ሌላ ሰው ጠፋ!»

ሮጣ መጣች። ቀዩ ጽሑፍ ወጥቷል። መኪናው ግን ዝርዝሩ ላይ «ግቢ» ይላል።

«ስንቴ ተጫኑት?»

«ሁለቴ። ለማጥበቅ ብዬ።»

ኢፍቱ አሁን ሳቀች። ዳታቤዙ የሚቆጥረው በእርግጥ የተለወጠውን ብቻ ነው፤ ግቢ ያለን መኪና ግቢ ነው ቢሉት ዜሮ ይላል። መኪናው ከመዝገቡ የጠፋ ለት ያው ዜሮ፣ ቀድሞም የተስተካከለ ለት ያው ዜሮ። እናም ዜሮ ሲመጣ መጀመሪያ መኪናው መዝገቡ ላይ መኖሩን እንዲፈትሽ አድርጋ፣ «ቀድሞም እዚሁ ነው» የሚል ቢጫ ጨመረችበት።

ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው መሰለች። የጎማ ቅያሬው፣ የነዳጁ፣ የዓመት ፈቃዱ ገጽ፣ «ተስተካክሏል!» እያለ አረንጓዴ የሚያበራው ሁሉ አጠራጠራት። አንድ በአንድ ስትፈትሽ ምሳ ሰዓት አለፈ። እትዬ ጠጄ የሳምቡሳ ፌስታል ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩላትና፣ «ብዪ እንጂ ልጄ» አሏት።

«እሺ እትዬ» አለች፤ ዐይኗን ግን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም።