የሙቱቬል የማይታዩ ከብቶች

ሙቱቬል በደቡብ ህንድ፣ በቲሩፑር ከተማ ሃያ ዓመት ጨርቅ ሲያቀልም ኖሯል። ያኔ የማቅለሚያ ቤቶቹ እጣቢ በቀጥታ ኖያል ወንዝ ይገባ ስለነበር ወንዙ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ይወርድ ነበር። የአባቱ የኮኮናት ዛፎች የደረቁት በዚያ ውሃ ነው። ቀለሙን ከበጠበጡት አንዱ ራሱ እሱ ነበር።

ኋላ ማጣሪያ ጣቢያ ሲሠራ ገንዳ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። ገንዳው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን አሉ፤ ቀለሙን እየበሉ ውሃውን ያጠሩታል። እሱ «ከብቶቼ» ይላቸዋል።

ለዲፓቫሊ፣ ለብርሃን በዓል፣ የማቅለሚያ ቤቶቹ አሥር ቀን ተዘጉ። ሚስቱ ፖናታል እናቷ ዘንድ ልትሄድ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆመች።

«እኔ ልቅር። ቀለም ካልመጣ ከብቶቹ ይራባሉ» አላት።

«እናቴን ምን ልበላት? አማችሽ ትል ሊቀልቡ ቀሩ ልበላት?»

«ትል አይደሉም እኮ።»

«ትል ቢሆኑማ ዓሣ ያጠምዱባቸው ነበር!» ብላ ልጆቿን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ከተማው በርችት ሲናወጥ ሙቱቬል ጥቁር የሸንኮራ ስኳር በሞቀ ውሃ እየበጠበጠ ገንዳው ውስጥ ያፈስ ነበር። በአራተኛው ቀን ገንዳው የኮመጠጠ ሊጥ ሸተተው። ለካ ከልክ በላይ አብልቷቸዋል! ደንግጦ ሁለት ቀን አስጾማቸው፤ ገንዳው ውስጥ አየር የሚነፋውን ሞተርም ሳያጠፋ አዋለው፣ አሳደረው። በሰባተኛው ቀን ማለዳ ገንዳው ዝናብ የነካው አፈር ሸተተው፤ ከብቶቹ ድነዋል። ያኔ ነው እሱም እህል የቀመሰው።

በዓሉ እንዳለፈ የጎረቤት ጣቢያው መሐንዲስ ኢላንጎ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«ጋሼ፣ የእኛዎቹ አለቁ። ገንዳው ጠቁሮ ይሸታል።»

«በበዓሉ ማን አበላቸው?»

«ማንም።»

ሙቱቬል ሊቆጣው ፈልጎ ነበር፤ ፊቱን ሲያይ ተወው። «የእርጎ እርሾ ለጎረቤት ይነፈጋል እንዴ? በርሜልህን አምጣ» አለው። ከብቶቹ ያሉበትን የገንዳውን ዝቃጭ ስድስት በርሜል ቀድቶ ሰጠው፤ ቀለሙንም ቀስ በቀስ እንዲያለምዳቸው ነገረው። በወሩ የኢላንጎ ገንዳ አገገመ፤ የሚወጣው ውሃም እንደ ቀጭን ሻይ ሆነ።

በተከታዩ ዲፓቫሊ ኢላንጎ «ዘንድሮ ሁለቱንም ገንዳ እኔ እቀልባለሁ፤ እርስዎ ይሂዱ» አለ። ሙቱቬል የስኳሩን ልክ ሦስት ጊዜ አስደገመውና ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ወደ አማቱ ሄደ። አውቶቡሱ ገና ከተማውን ሳይለቅ፣ የፖናታል ትከሻ ላይ ተደግፎ ለጥ ብሎ ተኛ።