ፈርመው ይግቡ

ያሰሩኝ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ማሽላው ወጥቶ አቧራው ቀርቷል፤ የቆርቆሮው ሙቀት አናት ይበሳል። የቆቦ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ። የጸጥታ ሰዎች ማን ምን እንደሚያነብ ዘርዝር ሲሉኝ እምቢ አልኩ፤ ወንጀሌ ይኸው ነው።

አንድ የሮቢት ገበሬ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ።

«አብሽር ልጄ። አንተ የመጽሐፍ ቤቱ ልጅ አይደለህ?»

አላስታወስኳቸውም።

«ለገበያ ስመጣ ፊደል ልቆጥር ብዬ ደጅህ ደርሼ ነበር። መዝገቡን ገፋ አረክልኝና ‹ፈርመው ይግቡ› አልከኝ። ማንበብ ለማይችል ክልክል መስሎኝ ተመለስኩ። ቁርኣኑን በቃሌ ይዣለሁ፤ ይኸ ፊደል ነው የራቀኝ።»

አፈርኩ። ያን መዝገብ የማስፈርመው ለሪፖርት ብዬ ነበር። ስንቱን ከደጅ እንደመለስኩ እንጃ።

እሳቸውን የጨነቃቸው ግን ሌላ ነው። መርማሪው «ቃልዎ ነው» ባለው ወረቀት ላይ አሻራቸውን ሊወስድ ለማግስቱ ቀጥሯቸዋል።

«ልጄን ይፈልጉታል። ስሙን አስገብተውት ከሆነ በገዛ ጣቴ ገደልኩት ማለት ነው። በምን ልወቀው?»

ንባብ በአንድ ቀን አይለመድም። የልጃቸው ስም ግን ሦስት ፊደል ብቻ ነው። በአገዳ ስባሪ አቧራው ላይ ጻፍኩላቸው። ጻፉ፣ አጠፉ፣ እንደገና ጻፉ። ኮቴ ስንሰማ በመዳፋችን እንጠርገዋለን። በመጨረሻ ከሌሎች ቃላት መሀል ደባልቄ ጻፍኩት። ጣታቸው ሄዶ ስሙ ላይ አረፈ።

«ወላሂ፣ ልጄን አየሁት» አሉ።

በማግስቱ ከምርመራ ሲመለሱ ከንፈራቸው አብጧል። አውራ ጣታቸውን ቀለም አልነካውም።

«ሁለት ቦታ አገኘሁት» አሉኝ። «ሳላነብ አልፈርምም ስለው ሳቀብኝ። ይኸው፣ እዚህ ጋ ብዬ ሳሳየው ሳቁን ተወ።»

ከሰዓት በኋላ ጠርተው ወሰዷቸው። ጫማቸውን ረጋ ብለው አጥልቀው፣ ማንም ሳይገፋቸው ወጡ።

ስፈታ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የመደርደሪያው ግማሽ ባዶ ነው። በገበያ ቀን ደጃፉ ላይ የሚያመነታ ገበሬ ካየሁ ወጥቼ አስገባዋለሁ። ያኔ የመለስኳቸው ሰውዬ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል።

ባለፈው ሰሞን ልጃቸው መጣ። አባቱ አልተመለሱም፤ ሬሳቸውም አልተገኘም። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አላመነኝም።

«አባዬ እኮ ማንበብ አይችልም።»

«ያንተን ስም ይችላሉ» አልኩት።