ጋሽ አራጋው ሲነሡ

ጋሽ አራጋው ለሽምግልና ከተቀመጡበት ድንጋይ ብድግ ካሉ የመካነ ሰላም ሰው ይደነግጣል። ሽማግሌ ነገሩ ሳያልቅ ተነሣ ማለት ተቀየመ ማለት ነው፤ የተቀየመ ሽማግሌ ደግሞ ይረግማል። ስለዚህ እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ሲቆሙ፣ ዓመት የተኳረፉ ሰዎች ተሻምተው እግራቸው ላይ ይወድቁና አፉ ይባባላሉ። ከከላላ ድረስ በቅሎ ጭነው እየመጡ ይወስዷቸው ነበር።

እውነቱን የሚያውቁት ባለቤታቸው እትዬ ዓባይነሽ ብቻ ናቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋሽ አራጋው በእግር አጥንታቸው ውስጥ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስላቸዋል፤ ተነሥተው ካልተራመዱ አይለቃቸውም። ቁጣ የሚባል ነገር አልነበረም። አገር ሙሉ የአንድን ሰው ሕመም እንደ ቁጣ ቆጥሮ መታረቁ እስካሁን ይደንቀኛል።

ደሴ ያለ ሐኪም "እረፍት የለሽ እግር ይባላል" ብሎ ክኒን ሰጣቸው። መጀመሪያ ተአምር ነበር፤ ክረምቱን እንቅልፍ ጠገቡ። ቆይቶ ግን ሕመሙ ማታን መጠበቅ ትቶ ከቀትር ጀምሮ ይመጣባቸው ጀመር። ለካ መድኃኒቱ ራሱ እያባባሰው ኖሯል። ዝናቸውም አብሮ ጨመረ፤ በፊት እስከ ማታ ይቆይ የነበረው እርቅ አሁን ገና በቀትር ያልቃል። "ጋሽ አራጋው ዘንድሮ ቁጣቸው በረታ" ተባለ።

ሐኪሙ የፊተኛውን ቀስ በቀስ አስቀንሶ በሌላ ለወጠላቸው። አዲሱ ትንሽ ያፈዛቸዋል እንጂ እግራቸው ጸጥ አለ።

የክንፈና የዋለ ጉዳይ የመጣው ይኼኔ ነው። ወንድማማቾቹ በድንበር ባሕር ዛፍ ተጣልተው ነበር። የእናታቸው ተዝካር ሲቃረብ ታናሽየው ዋለ "ከክንፈ ደጅ አልደርስም" አለ። እናትየው ደግሞ ሲሞቱ "ልጆቼን አደራ" ያሉት ለጋሽ አራጋው ነው።

ጋሽ አራጋው ተቀመጡ። መከሩ፣ ተረቱ፣ መረቁ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። የተቀመጡበት የወይራ ጥላ ዞረ። በመጨረሻ ክንፈን አላስቻለውም።

"ጋሼ፣ ዛሬ አይነሡም እንዴ?"

"ምን ሆኜ ነው የምነሣው?"

"እንዲያው... የሚነሡ መስሎን ነው።"

ሳይታረቁ ለእሑድ ተቀጣጠሩ። ጋሽ አራጋው መንገድ ላይ ገባቸው፤ ይኼን ሁሉ ዘመን ሲያስታርቅ የኖረው ምላሳቸው አልነበረም።

ቅዳሜ ክኒኑን አልውጥም አሉ።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ልትሆን ነው?" አሉ እትዬ ዓባይነሽ።

"ነገ እግሬ ያስፈልገኛል።"

"እኔስ ጎኔ አያስፈልገኝም? ስትራገጥብኝ ልታድር ነው!"

እሑድ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉንዳኑ መጣ። ጋሽ አራጋው ደስ ብሏቸው ከዘራቸውን ጨበጡ። ይኼን ጊዜ ዋለ ሳይታሰብ ተናገረ።

"የባሕር ዛፉ ነገር አይደለም ጋሼ። እማዬ ስትታመም አልጠራኝም። የደረስኩት አፈር ሲመለስባት ነው።"

ጋሽ አራጋው ሊነሡ ብለው ቀሩ። እንዲህ ያለ ቃል ሰምተው አያውቁም፤ ሰው እዚህ ሳይደርስ እሳቸው ይነሡ ነበር። ጭናቸውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ያዙ። ግንባራቸውን አላባቸው።

"የምትሞት አልመሰለኝም" አለ ክንፈ። "ልጥራው ስላት 'ዘር ላይ ነው፣ ተወው' አለችኝ።"

ዋለ ፊቱን በጋቢው ጠረገ። ቀና ሲል የሽማግሌው እግር ሲንቀጠቀጥ አየ።

"ጋሼ፣ አሞዎታል። ይነሡ እንጂ።"

"አልነሣም! ጨርሱ።"

"እንግዲያው አብረን እንነሣ።"

አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ደግፈዋቸው በባሕር ዛፉ ድንበር ላይ እስኪጨልም ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ። መቼ አፉ እንደተባባሉ ያየ የለም። ተዝካሩ ግን በክንፈ ቤት ሆነ፤ ጠላውን ሲቀዳ የዋለው ዋለ ነው።

አገሩ ዛሬም "ጋሽ አራጋው ተነሥተው አስታረቋቸው" ይላል። የዚያን እሑድ ማታ ቤት ሲገቡ ግን እትዬ ዓባይነሽ ውኃና ክኒን ይዘው ቆመው ነበር።

"ዝናው ያንተ፣ ርግጫው የኔ" አሉ። "በል ዋጥ!"